ልብም ምስክር ይሻል

የሰውን ልብ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው ይባላል። አባባሉ በሃይማኖት ረገድ የራሱ ክብር አለው፤ በዕለት ኑሮ ግን ማንም ሰው በዚህ ጸንቶ ሲኖር አይታይም። ነጋዴው የገዢውን ዐይን አይቶ ዋጋ ይጠራል፤ ሽማግሌው የተጣሉትን ሰዎች አነጋገር መዝኖ ዕርቅ ያወርዳል፤ ዳኛው የምስክሩን ቃል ከአኳኋኑ ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል፤ በስማዳ ወይም በእስቴ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ የበሬውን ጥርስ ካየ በኋላ የሻጩን ፊት ደግሞ ያያል። እንግዲህ ሰው ሰውን ያነባል። ሊያከራክር የሚገባው ጉዳይ፣ ያነበበውን መቼና ምን ያህል ይመነው የሚለው ነው።

ይህን ጉዳይ በአሁኑ ዘመን አጥብቆ ያነሣው በኢንተርኔት የሚካሄደው የፖከር ጨዋታ ነው። በሥነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ የካርታ ነገር መነሣቱ ነውር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልብ ወለድም፣ ቴአትርም፣ ቅኔም የቆሙት ሰው የሚለውና የሚያስበው ልዩ ልዩ ሊሆን ስለሚችል ነው። ቃሉን ሰምቶ አሳቡን መፈልቀቅ ለኪነ ጥበብ ክብር ከሆነ፣ ገንዘብ ተመድቦበት የሚካሄደውን ይህንኑ ሥራ መመርመር የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም። ይልቁንም ለወገዳ ምድር ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። ካርታው እንግዳ ቢሆንም ጥያቄው የቤት ልጅ ነው።

ፖከር በ52 ካርታ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዐይነቱ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይደርሱታል፤ ሌሎች 5 ካርታዎች ደረጃ በደረጃ ለሁሉም ይገለጣሉ፤ በየደረጃውም ገንዘብ ይመደባል። ደካማ ካርታ የያዘ ሰው ብርቱ መስሎ ከፍ ያለ ገንዘብ ሊመድብ፣ ባላጋራውም ፈርቶ የያዘውን ሊጥል ይችላል። ይህ በጨዋታው ቋንቋ ብለፍ ይባላል። ፊት ለፊት በሚካሄደው ጨዋታ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ድምፅ ሲሰበር፣ ዐይን ሲሸሽ ይታያል፤ አሜሪካዊው ማይክ ካሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለዚሁ የሰውነት ቋንቋ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። በኢንተርኔት ግን ፊት የለም፤ እጅም የለም። የሚቀረው ባላጋራው ስንት መደበ፣ በምን ደረጃ ላይ መደበ፣ ምን ያህል ዘገየ፣ ስንት ጊዜ ገባ፣ ስንት ጊዜ ጣለ የሚለው ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ከተካሄደ አነስተኛ ማጣሪያ ተነሥቶ በላስ ቬጋስ የተደረገውን ዋናውን የዓለም የፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከወሰደ ወዲህ፣ ይህ ፊት የለሽ ጨዋታ በዓለም ተሠራጭቷል። ስልክ በኪሱ የያዘ ወጣት ነፋስ መውጫም ይኑር መካነ ኢየሱስ፣ ለዚህ ገበታ ቅርብ ነው።

በዚህ ጨዋታ ባላጋራን ስለ ማንበብ የሚሰሙት አስተያየቶች አራት ናቸው። አንዱ ሁሉም ዕድል ነው ይላል። ሁለተኛው ልብ ያውቃል፣ የመጀመሪያውን ስሜት እመን ይላል። ሦስተኛው ሰው ሁሉ አታላይ ነውና ማንንም አትመን ይላል። አራተኛው መኪና ሰውን ከበለጠ ወዲህ የማንበብ ነገር አብቅቶለታል ይላል። አራቱም በየራሳቸው መንገድ ሰውን ከድካም ያሳርፋሉ፤ ተቀባይነት ያገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕድል ነው የሚለውን ለመመለስ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። «እሰጥ አገባ» ዛሬ ተራ ጭቅጭቅ ማለት ሆኗል፤ ቃሉ የተወለደው ግን በችሎት ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት፣ በዛፍ ጥላ ሥር በተሰየመ ዳኛ ፊት፣ በልሃ ልበልሃ እየተባባሉ የሚሟገቱ ሰዎች ቃላቸውን በውርርድ ያጸኑ ነበር። አንዱ ነገሩ እንዳልሁት ባይሆን ማር እሰጣለሁ፣ በቅሎ እሰጣለሁ፣ ፈረስ እሰጣለሁ ሲል፣ ሌላው ወይ ውርርዱን ተቀብሎ ይገባል፣ ወይ ያፈገፍጋል። የተጠራው ነገር ባደገ ቁጥር የተናጋሪው እርግጠኝነት አብሮ የሚያድግ ይመስላል። የሚመስለው ሁሉ ግን አይሆንም። ባለጠጋው በባዶ እጁ ፈረስ ጠርቶ እውነት የያዘውን ድኻ ሊያስደነግጥ ይችል ነበር። ድኻውም አንድ በቅሎ ብቻ ኖሮት እርሷን ሲያስይዝ፣ ከባለጠጋው ፈረስ የበለጠ ነገር መናገሩ ነበር። ስለዚህ የችሎቱ ታዳሚ የተጠራውን ዋጋ ብቻ አልሰማም፤ ጠሪው ማን ነው፣ ምን አለው፣ ከዚህ ቀደም በስንት ነገር ፈረስ ጠራ፣ ስንት ጊዜ ተረታ ብሎ ያሰላ ነበር።

ይህ እንግዲህ ፖከር ተጫዋች በኢንተርኔት ገበታ ላይ የሚያደርገው ሥራ ነው። ፊት ሳያይ፣ ከተመደበው ገንዘብ መጠንና ከመዳቢው የኋላ ታሪክ የአሁኑን አሳብ ይገምታል። ዕድል የካርታውን አወራረድ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ውሳኔ ግን ሰው ይወስናል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያለው ያገር ሰው ፍርድን ለዕጣ አልተወም።

የቀድሞውን ሥርዓት ለማሞገስ ሲባል ግን ጕድለቱን መሸፈን አይገባም። የውርርዱ ዕቃ በአብዛኛው ለአሸናፊው ሳይሆን ለዳኛው ገቢ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ተሟጋቾቹ በተፎካከሩ ቁጥር ዳኛው ይጠቀማል። የሕግ መጻሕፍት በዘመናዊ መልክ ከተደነገጉ በኋላ ይህ ልማድ ከችሎት መውጣቱ የሚያስቆጭ አይደለም። ነገሩ መነሣቱም ለዛሬው ትምህርት ስላለው ነው፤ በኢንተርኔት ፖከር ገበታውን የዘረጋው ድርጅት ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል። ሁለት እኩል የሚያነቡ ተጫዋቾች ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ቢያድሩ፣ በረዥሙ ሁለቱም ይከስራሉ፤ የሚያተርፈው ባለገበታው ነው። ባላጋራውን አንብቦ ይህንን ያላነበበ ሰው ግማሹን ብቻ አንብቧል።

ሁለተኛው አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ነው። «ልቤ ነገረኝ» የሚል ሰው ከልቡ ጋር ክርክር አይገጥምም። በኢንተርኔት ገበታ የሚሠራውም ስሕተት ይህ ነው። ባላጋራው ብዙ ገንዘብ መደበ፤ ተጫዋቹ 2 አስ ይዟል ብሎ በልቡ ወሰነ፤ ካርታውን ጣለ። ሒሳቡ ምን ይላል? ከ52 ካርታ 2 ካርታ በ1,326 ልዩ ልዩ መንገድ ሊወጣ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ 2 አስ የሚሆኑት 6 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከ221 አንድ ማለት ነው። አንድ አስና አንድ ንጉሥ የሚሆኑት ግን 16 ናቸው። እንግዲህ ሌላ ምልክት ሳይኖረው በተመደበ ቁጥር 2 አስ የሚታየው ሰው ባላጋራውን አላነበበም፤ የራሱን ፍርሃት ነው ያነበበው። ትናንት በ2 አስ የተሸነፈ ከሆነማ ነገሩ ይብስበታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ።

እዚህ ላይ የቤተልሔም ነገር ይነሣል። በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ትምህርት ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ድጓን በሌላ ደብር ከሌላ መምህር ተምሮ ሊጨርስ ይችላል፤ ዓመታት ፈጅቶ ቃሉንና ዜማውን በልቡ ሊይዝ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ቤተልሔም ወርዶ፣ በመምህሩ ፊት ዜማውን አድርሶ፣ ምልክቱ ከምልክት እየታረመ ካልተመሰከረለት በቀር ዐዋቂነቱ ሙሉ ተደርጎ አይቈጠርም። ይህ ሥርዓት ተማሪውን አላዋቂ ነህ አላለውም። ያለው፣ የምታውቀውን ማወቅህን ከአንተ ውጭ የሆነ ነገር ይመስክርልህ ነው። በልብ መያዝና በልብ የተያዘው ትክክል መሆኑ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። «ልቤ ነገረኝ» የሚለው ተጫዋች የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ዘሏል።

የዘመኑ የሥነ ልቡና ምርምርም ከዚህ ሩቅ አልሄደም። ጋሪ ክላይን እሳት አደጋ ተከላካዮችን ያጠና፣ የባለሙያን ፈጣን ግምት የሚያከብር ምሁር ነው። ዳንኤል ካነማን ደግሞ የሰው ግምት በምን በምን እንደሚሳሳት በማጥናት የታወቀና እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ምሁር ነበር። ሁለቱ የማይስማሙ ሊቃውንት ለዓመታት ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የጋራ ጽሑፍ በአንድ ነገር ተስማሙ። የሰው ፈጣን ግምት የሚታመነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ አንደኛ፣ ግምቱ የሚሰጥበት ነገር ሥርዓት ያለውና የሚደጋገም ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ገማቹ ስሕተቱንና ልኩን እያየ ለረዥም ጊዜ ሲለማመድ። ገማቹ በራሱ ላይ ያለው እምነት ብርታት ግን ለግምቱ ትክክለኛነት ማስረጃ አይሆንም። ሥርዓት፣ ልምምድ፣ እርማት፤ ቤተልሔም የሄደ ተማሪ እነዚህን ሦስት ነገሮች ያውቃቸዋል።

ፖከርን አስቸጋሪ የሚያደርገው እርማቱ የተሸፈነ መሆኑ ነው። መምህሩ የተሳሳተውን ዜማ ወዲያው ያርማል፤ ካርታ ግን ትክክለኛ ያነበበውን ሲያከስር፣ የተሳሳተውን ሲያበለጽግ ይውላል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ባላጋራው መድቦ ተጫዋቹ ከጣለ ካርታው አይገለጥም፤ ስለዚህ የሠመረ ብለፍ ሁሉ ሳይታይ ይቀበራል። የሚገለጠው የተከፈለበት ብቻ ነው። «እንደ ጠረጠርሁት ብርቱ ካርታ ነበረው» እያለ ሲጥል የሚኖር ሰው፣ አንድም ቀን ሳይመሰከርለት ራሱን ምስክር አድርጎ ይኖራል።

ጥቂት አይቶ ብዙ መደምደምም ከዚሁ ይወለዳል። አንድ ባላጋራ አራት ጊዜ ካርታው ተገልጦ አራቱንም ጊዜ ብርቱ ሆኖ ቢገኝ፣ ይህ ሰው ብለፍ አያውቅም ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገር ግን ከሦስት ጊዜ አንዱን ብለፍ የሚያደርግ ሰው እንኳ አራት ጊዜ በተከታታይ ብርቱ ካርታ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል የሚደርስ ነገር ነው። ያው ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ብለፍ ቢገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለው በአጋጣሚ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። በአራትና በአሥራ ሁለት መካከል ያለው ርቀት፣ በጥርጣሬና በዕውቀት መካከል ያለው ርቀት ነው።

ሦስተኛው አስተያየት በተለይ ቅኔ በሚወደድበት አገር አደገኛ ነው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚለውን ተረት የሕይወት መመሪያ ያደረገ ሰው፣ የሰው ንግግር ሁሉ ሰም ነው፣ ወርቁ ከሥር ተሸሽጓል ይላል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ የአማራን ባህል በዚህ ድርብ አነጋገር በኩል ለመተንተን ሞክሯል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ያነበቡትም ያላነበቡትም፣ ድርብ ንግግር ያለበት ሕዝብ እርስ በርሱ ሊተማመን አይችልም የሚል ድምዳሜ ሲያናፍሱ ይሰማል። ይህ የቅኔ ቤትን ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ድምዳሜ ነው። ቅኔ የሚዘረፈው እንዳይገባ አይደለም፤ እንዲፈታ ነው። የቅኔ መምህር ወርቅ የሌለበትን ቅኔ እንደሚነቅፍ ሁሉ፣ ከሰሙ ጋር የማይገጥም ወርቅ የሚያወጣውንም ተማሪ ይነቅፋል። ከቃሉ ያልወጣ ምስጢር ምስጢር አይባልም፤ የአንባቢው ፈጠራ ነው።

የቤተልሔም ሕንጻ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ወደ ቦታው በመጣ ጊዜ ከውጭ የተቀበለው እንደ ብዙው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ የሣር ክዳን ነበር። ከውስጥ ግን በተጠረበ ድንጋይ የታነፀ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ እጅግ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ለውጭው ዓለም ይህ ግኝት ተባለ፤ በየዕለቱ ገብተው ለሚቀድሱት ካህናት ግን ወሬም አልነበረም። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ መልክ ውስጥን ሊሸፍን ይችላል። ሁለተኛ፣ የተሸፈነውን የሚያውቅ ክዳኑን ከውጭ ሲጠራጠር የሚውል ሰው አይደለም፤ ደጋግሞ የገባ ሰው ነው። እያንዳንዱን ጎጆ ጥንታዊ ሕንጻ ደብቋል ብሎ የሚያስስ ተጓዥ፣ ከማያስሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

በፖከር ገበታም ሁሉን ብለፍ ነው የሚል ተጫዋች፣ ሁሉን ብርቱ ነው ከሚለው ተጫዋች እኩል ይከስራል። ሁለቱም ሰውን አይለዩም። ጥርጣሬ ለሁሉ እኩል ሲታደል ንባብ መሆኑ ይቀርና ጠባይ ይሆናል። በመንደር ኑሮም ነገሩ ያው ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ የሚጠረጥር ሰው ሌባውን አይዝም፤ ጎረቤቱን ያጣል።

አራተኛው አስተያየት ዘመናዊ ልብስ የለበሰ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አራት የታወቁ ፖከር ተጫዋቾችን በ120,000 ጨዋታ አሸነፈ። ይህ ፕሮግራም የማንንም ጠባይ በማንበብ ላይ አልተመሠረተም፤ ማንም ቢገጥመው ክፉኛ የማይጠቃበትን ሚዛን በሒሳብ ለማግኘት ይሠራል። የአስተሳሰቡ ምንጭ ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተሙት የጨዋታ ንድፈ አሳብ ነው፤ እነርሱም ብለፍ የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የሒሳብ ግዴታ መሆኑን በዚያው መጽሐፍ አሳይተዋል። እንግዲህ ሚዛኑን ካወቁ ማንበብ ምን ያደርጋል ይባላል።

መልሱ እዚያው ሚዛኑ ውስጥ ነው። ሚዛን ራሱ የሚዛነፍ ነገር ከሌለ ሥራ የለውም። በሚዛን የሚጫወት ሰው አይጠቃም፤ ከሚዛን የወጣውን ባላጋራ ስሕተት ግን ሙሉ በሙሉ አይሰበስብም። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከሚዛን ወጥቶ ይጫወታል፤ አንዱ አብዝቶ ይፈራል፣ ሌላው አብዝቶ ይደፍራል። ማንበብ ማለት ባላጋራው ከሚዛኑ ወዴት፣ ምን ያህል እንደ ወጣ ማወቅ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ንባብን አልሻረም፤ መነሻ ሰጠው። ቀድሞ ሰው ባላጋራዬ ደፋር ነው ሲል ከማን ይበልጥ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ አሁን መለኪያ አለ።

ያገሩ ሰንጠረዥም ይህንን ያውቃል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪወሰድ ድረስ፣ ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ። ጎበዝ ተጫዋች በዚህ ጊዜ ዐይኑን ከባላጋራው እጅ አይነቅልም፤ የዚያን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል። በሰሌዳው ላይ የተሸሸገ ጠጠር የለም፤ የተሸሸገው አሳብ ብቻ ነው። ሕጉን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ሲገጥሙ የሚበልጠው የሌላውን አሳብ ቀድሞ ያየው ነው።

እነዚህ አራት አስተያየቶች ከተነሡ ዘንድ፣ ንባብን ማመን ማለት ምን እንደ ሆነ በግልጽ መናገር ይገባል። ማመን ማለት እርግጠኛ መሆን አይደለም፤ የንባቡን ክብደት አውቆ በክብደቱ ልክ መሥራት ነው። ምሳሌው ይህ ነው። በገበታው ላይ 300 ብር ተሰብስቧል፤ ባላጋራው 150 ብር ጨመረ። ተጫዋቹ 150 ብር ከፍሎ 450 ብር ሊያገኝ ነው። እንዲህ ባለው ውል ከአራት ጊዜ አንዱን ካሸነፈ ኪሳራም ትርፍም የለውም። ባላጋራው ከሦስት ጊዜ አንዱን ብለፍ የሚያደርግ ከሆነ፣ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን 150፣ 150 ከስሮ አንዱን 450 ያገኛል፤ ትርፉ 150 ብር ነው። ከስድስት ጊዜ አንዱን ብቻ ብለፍ የሚያደርግ ከሆነ ግን አምስት ጊዜ 150 ከስሮ አንድ ጊዜ 450 ያገኛል፤ ኪሳራው 300 ብር ነው። እንግዲህ ተጫዋቹ የሚጠየቀው ባላጋራው አሁን ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም የሚለውን እንዲያውቅ አይደለም፤ ከሦስት አንድ ነው ወይስ ከስድስት አንድ የሚለውን እንዲለይ ነው። ይህን የለየ ሰው በሦስት ጊዜ ሁለቱን ቢሸነፍ እንኳ ንባቡ አልተሳሳተም። ይህን ያልለየ ሰው ቢያሸንፍም አላነበበም።

እንዲህ ያለው ንባብ የሚገኘው በልምድ ነው፤ ልምድ ግን ብዙ መጫወት ብቻ አይደለም። ግምቱ ካርታው ከመገለጡ በፊት ሊጻፍ ይገባዋል። ከተገለጠ በኋላ ሁሉም ዐውቄ ነበር ይላል፤ ቀድሞ የተጻፈ ቃል ግን አይካድም። በሳምንቱ መጨረሻ ከአንድ መቶ ግምት ስንቱ ሠመረ፣ ባላጋራው ደካማ ነው የተባለበት ጊዜ ከብርቱው ይልቅ ይሳሳት እንደ ሆነ፣ ሌሊት የተገመተው ከቀን የተገመተው ይለይ እንደ ሆነ ይቈጠር። ምልክቱም በምልክትነቱ ይመርመር። በኢንተርኔት የዘገየ መልስ የማመንታት ምልክት ነው ይባላል፤ ኔትወርክ በየደቂቃው በሚቆራረጥበት አገር ግን የዘገየው ሰውየው ይሁን መስመሩ ሳይለይ እንዲህ ባለ ምልክት ገንዘብ የሚመድብ ሰው፣ ነፋስን ምስክር ጠርቷል። መጠኑም በመጀመሪያ ትንሽ ይሁን፤ ንባብ ገና ሳይመሰከርለት ብዙ ገንዘብ የሚጭንበት ሰው፣ ያላሠለጠነውን ፈረስ ለጉግስ ያወጣ ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ ልቡ የሚናወጥ ሰው ደግሞ ከገበታው ይነሣ፤ የተቈጣ ዐይን የሚያየው የሚፈልገውን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የተባለው ግን ባላጋራ ላለበት ጨዋታ ነው። ዛሬ በከተማና በገጠር ከተሞች ወጣቱን የሚያጎርፈው ቤቲንግ ሌላ ነገር ነው። በእግር ኳስ ውርርድ ወጣቱ ከሌላ ሰው ጋር አልተቀመጠም፤ የተቀመጠው ትርፉን አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ካሰላ ድርጅት ጋር ነው። የሚነበብ ፊት የለም፤ የሚታወቅ ጠባይ የለም፤ አስሮ የሚያስቀረው የተጻፈ ሒሳብ ብቻ አለ። በቴሌግራም «የተረጋገጠ» እያሉ የነገውን ውጤት የሚሸጡት ሰዎች ነገርማ ለክርክር የሚበቃ አይደለም፤ ነገን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን በመቶ ብር ለምን ይሸጣል? ወጣቱ የሚሸነፈው እግር ኳስ ስለማያውቅ አይደለም። ማንበብ የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ገበታ የሚለይ ትምህርት ስላልተሰጠው ነው። ተሸንፎ ሲወጣ ዕድሌ ነው ይላል፤ አሸንፎ ሲወጣ ልቤ ነግሮኝ ነበር ይላል። ሁለቱም ቃላት ነገ እንዲመለስ ያደርጉታል።

ፖከርም ቢሆን ለብዙው ሰው የኪሳራ ገበታ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ባለገበታው ከየድምሩ ይቆርጣልና ከአማካዩ ጥቂት መብለጥ እንኳ ለትርፍ አይበቃም። ስለዚህ ወገዳ ልጆቿን ወደ ካርታ እንድትልክ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው፣ ያላትን እንዳትጥል ነው። ሰንጠረዡ በየቤቱ አልተጫወተም፤ የእሰጥ አገባው ውርርድ ከችሎት ወጥቷል፤ ከሁለቱ ጋር ግን ሰውን በጥንቃቄ የመመዘን ትምህርት አብሮ ሊጠፋ አይገባም። ትምህርት ቤቶች ዕድልን በቁጥር የሚያሰላውን ሒሳብ ለወጣቱ ሲያስተምሩ ምሳሌውን ከዚሁ ኑሮ ይውሰዱ፤ የባህል ክበባትም ሰንጠረዡንና ገበጣውን ለጎብኚ ትርኢት ብቻ ሳይሆን ለልጆች መማሪያ ያውጡት፤ ልጁ ግምቱን አስቀድሞ ተናግሮ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ፣ ዳግም ይገምት። ሰውን ማንበብ የጥንቆላ ሥራ እንዳልሆነ፣ በጭፍን ከመጠርጠርም እንደሚለይ በዚህ ይማራል።

ልቡን የሚያምን ሰው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ልቡን ያለ ምስክር የሚያምን ነው። ድጓን በልቡ የያዘው ተማሪ ስንቁን ጭኖ የጋይንትን ዳገት የሚወጣው ዕውቀቱን ተጠራጥሮ አይደለም፤ ዕውቀቱ ከእርሱ በቀር ሌላም ሰው ሊያምነው እንዲችል ነው። የሰውን ልብ አነባለሁ የሚልም ሁሉ፣ ዳኛም ይሁን ነጋዴ፣ ሐያሲም ይሁን ካርታ ተጫዋች፣ ያንኑ ዳገት ይውጣ።